እሁድ ትመጣለች

የእህቴን ባል የሰፈሩ ሰው «ማዘጋጃ» ነው የሚለው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ሲያናድደኝ ግን፣ ማናደድ ደግሞ ያውቅበታል፣ እኔም ማዘጋጃ እለዋለሁ። ስሙ የወጣለት ስልክ በመደወል ነው። የከተማው ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት የጥቆማ መስመር የሚባል ቁጥር አለው፤ ደንብ የጣሰ ሰው ያየ ወይም የጠረጠረ እንዲደውልበት። ሌላው ሰው ቁጥሩ መኖሩንም አያውቅም። ጋሼ ግን በቃሉ ነው የያዘው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት አበባ የሚያጠጣ ካየ ይደውላል። የጣሪያውን አሸንዳ ከፍሳሽ መስመር ጋር ያገናኘ ሰው ከጠረጠረ ይደውላል። መንገድ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ካየማ ደውሎ እዚያው ይቆማል፤ ሠራተኞቹ እስኪመጡ ምሳ አይል፣ ፀሐይ አይል።

ስልኩን የምታነሳው ልጅ ድምፁን ለይታዋለች። «እንደምን ዋሉ አባባ? ዛሬ ደግሞ ምን አገኙ?» ትለዋለች። እሱ ቀልድ አይገባውም። «አገኘሁ አላልኩም ልጄ፤ ጠረጠርኩ ነው ያልኩት» ብሎ ያርማታል። እኔና እህቴ እዚያው አጠገቡ ሆነን በሳቅ እንሞታለን።

አልዋሽም፣ ጥቅምም ነበረው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የፍሳሹ ጉድጓድ ገንፍሎ ሕፃናቱ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚያልፉት። ጋሼ እየደወለ፣ እየደወለ፣ ምክንያቱ ከፍሳሹ ጋር የተገናኘ የአንድ ቤት አሸንዳ ሆኖ ተገኘና ተሠራ። ማን አመሰገነው? ማንም! አሸንዳው የተቆረጠበት ባለቤት ግን በፊቱ ምራቁን እንትፍ ብሎበታል። ጠቋሚ መባል መቼም ቀላል ስድብ አይደለም። እሱ ሲሰድቡት እንኳ መሃረቡን አውጥቶ ፊቱን ይጠርግና መንገዱን ይቀጥላል። ደረቅ ነው፤ እንደሱ ያለ ደረቅ አይቼ አላውቅም።

ድርቀቱ ከሥራው የመጣ ነው። ከጡረታ በፊት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ዕድሜ ልኩን መሪ ጨብጦ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ከማቆሚያ ውጪ ሰው ጭኖ አያውቅም። ነፍሰ ጡር ብትለምነው፣ ሽማግሌ ከዘራውን ቢያነሳለት፣ አለቃው ራሱ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ቢያወዛውዝ፣ ጋሼ ወይ ፍንክች!

እህቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የምታወራው አንድ ታሪክ አላት። አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው። ከገበያ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ዝናብ ብቻ መሰላችሁ? ሰማዩ ተቀዶ ነበር። ሁለት እጇ ዕቃ ይዞ መንገድ ዳር ስትንቀጠቀጥ ያ ትልቅ አውቶቡስ ብቅ አለ። መሪው ላይ ያለው ባሏ ነው። ዕቃውን ሁሉ ወደ ላይ አነሳችለት። ዓይን ለዓይን ተያይተናል ብላ ትምላለች። ጋሼ አለፋት። አልፎ ሄዶ ማቆሚያው ላይ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ጠበቃት። እህቴ በጭቃው እየተንሸራተተች፣ ጫማዋ ውሃ እየጠጣ እበሩ ድረስ መጣች። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አልፋው ሄደች! ቤቷ ድረስ በእግሯ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ ነው የምትለው። ለምን አልቆምክላትም ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ እስከ ዛሬ አንድ ነው፤ «ማቆሚያ አልነበረማ!»

እንዲህ ስትስቅበት የኖረች እህቴ አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ምላሷ ተረፈላት፣ ተመስገን። እግሯ ግን ተመልሶ አልቆመም። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለው፣ ደረጃው ጠባብ። ከሐኪም ቤት በሰው ሸክም የወጣችውን ደረጃ ዳግመኛ አልወረደችውም። ዓለሟ ያቺ አልጋ፣ ያ መስኮትና እኛ ብቻ ሆነ።

ክፉ ባል ነበር የሚል ካለ አፉን ይያዝ። ጀርባዋ እንዳይቆስል ጎኗን በየሰዓቱ የሚያገላብጣት እሱ ነው። በማንኪያ የሚያጎርሳት፣ ጥፍሯን የሚቆርጥላት፣ መድኃኒቷን ልክ እንደ አውቶቡሱ ሰዓት ሳያዛንፍ የሚሰጣት እሱ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥራ ቦታዬ ሁለት መንገድ አልፎ ስለሆነ ቀን ቀን ብቅ እላለሁ፣ አወራለሁ፣ እሄዳለሁ። ሸክሙ የሱ ነበር።

የቸገረው ውሃ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቧንቧ በፈረቃውም ቀን ቢከፈት ይተነፍሳል እንጂ አይወርድም። ጋሼ መጀመሪያ ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ያወጣ ነበር፤ በኋላ ጉልበቱ እምቢ አለው። በየደረጃው እየተቀመጠ ሲወጣ ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ያኔ ነው ፀጉር ሠሪዋ የደረሰችልን። ምድር ቤት ፀጉር ቤት ያላት ጎረቤታቸው ናት። ሥራ የለመደችው በእህቴ ራስ ላይ ነው፤ ገና ጀማሪ ሳለች የመጀመሪያዋ ደንበኛ እህቴ ነበረች። «ፀጉሯን አቃጠልኩት እኮ! አቃጥዬባት እንኳ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች» ትላለች። ይህን አልረሳችም። በየጠዋቱ ቤቷን ሳትከፍት በፊት ሁለት ጀሪካን ውሃ አንጠልጥላ እያለከለከች ትወጣለች። አንዱን ለወጥ ቤት ታስቀምጣለች፣ አንዱን ታሞቃለች።

አስተጣጠቧን ባያችሁልኝ። እህቴን ወደ አልጋው ጫፍ ታስጠጋታለች፣ አንገቷ ሥር ፎጣ ትጠቀልላለች፣ ከታች ሳፋ በወንበር ላይ ታደርጋለች። ከዚያ ውሃውን በጆግ ቀስ፣ ቀስ። ጣቶቿ ሥራ ሲሠሩ አፏም ሥራ አይፈታም። ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ የማን ሚስት ፀጉሯን ቀይ ካልተቀባሁ ብላ አለቀሰች፣ ሁሉን ታወራለች። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሰው የምትሆነው በዚያች ሰዓት ነበር። አንድ ቀን እሷ ብትቀር እኔ ልጠባት ብዬ ሞከርኩ። «አንቺ ምላሳም፣ ድስት መሰለሽ እንዴ የምትፈትጊው? ተይኝ፣ ነገ ትመጣለች» ብላ አባረረችኝ።

«እትዬ፣ ሞቀሽ? ቀዘቀዘሽ?» ትላታለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ትንሽ ሞቅ አድርጊው፤ ቀዝቃዛ አልወድም።»

ጋሼ ጥግ ቆሞ ፎጣ ይዞ ይጠብቃል። ስትወጣ እስከ በሩ ሸኝቶ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ይላታል። «ምን አደረግኩና ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ!» ብላ እየሮጠች ትወርዳለች።

ያ ዓመት በጋው ጠና። ፈረቃው ሳስቶ ሳስቶ የጋሼ ቧንቧ መተንፈሱንም ተወ። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። አንድ ቀን ስመጣ ደረጃው ላይ ቆሞ መዳፉን በቧንቧው ላይ አሳርፎ አገኘሁት፤ የታመመ ሕፃን ግንባር የሚዳስስ ነው የሚመስል።

«ምን ሆነሃል ጋሼ?»

«ነይ ንኪው» አለኝ። ነካሁት። ይንቀጠቀጣል፤ ውስጡ የሆነ ነገር ያጉረመርማል። «ይኼ ሞተር ነው» አለ። «አንድ ሰው መስመሩ ላይ በቀጥታ ውሃ መሳቢያ ገጥሟል። የኛን ውሃ ገና ከሥሩ እየሳበው ነው። ክልክል ነው።»

ማንን እንደጠረጠረ አውቄያለሁ። ከፀጉር ቤቱ ጎን መኪና የሚያጥብ፣ አረፋ የምንለው ጎረምሳ አለ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲረጭ ነው የሚውለው። «ተው ጋሼ፣ ጎረቤት ነው፤ ሄደህ አናግረው» አልኩት።

«ስም አልጠራም፤ መጥተው ይዩ ነው የምለው።» ስልኩን አወጣ። ልጅቷ አነሳች። ማንን ይጠረጥራሉ ስትለው «ማንንም ልጄ። ቧንቧውን ነው የጠረጠርኩት» አላት። እህቴ ከአልጋዋ ሆና በሳቅ ተንፈራፈረች፤ እኔም ሳቅኩ። ወይ አለማወቅ!

ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንድ ረጅም ተቆጣጣሪና ቦርሳ የያዘ ቴክኒሻን። ጋሼ ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ ወርዶ ተቀበላቸው። እኔም ምሳ ሰዓቴ ስለነበር ተከትዬ ወረድኩ። መጀመሪያ አረፋ ቤት ገቡ። አረፋ ውሃውን በቦቴ እያስመጣ ሮቶ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ገልብጠው ቢያዩ ምንም የለም። «አየህ ማዘጋጃ፣ አየህ!» እያለ ጨፈረበት። ጋሼ «ይቅርታ ልጄ» አለው፤ ከልቡ ነው። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ።

ቴክኒሻኑ ግን ቧንቧውን በእጁ እየተከተለ ወደ ፀጉር ቤቱ ገባ። ሁለት ደንበኞች ካስክ ሥር ተቀምጠው ፀጉራቸውን እያደረቁ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የራስ ማጠቢያው ገንዳ ሥር ያለችውን ትንሽ ቁም ሣጥን ሲከፍተው፣ ድምፁ እንዳይሰማ በአሮጌ ፎጣዎች የተጠቀለለ ሞተር ወጣ። ፎጣዎቹን አወቅኳቸው። አንዱ እህቴ ራስ ሥር ስትጠቀልለው የኖረችው ነው።

የጋሼ ፊት አመድ መሰለ።

ተቆጣጣሪው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እውነት እንነጋገር። የቤቱን ጠባብነት፣ የሴትየዋን መንቀጥቀጥ አየ። «እንግዲህ ደንቡ እንዲህ ነው» አለ። «ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘች ከሆነና ጎረቤት ካልተጎዳ፣ ሞተሩን ነቅለን፣ አስጠንቅቀን እንሄዳለን። ጎረቤት ተጎድቶ ከሆነ ግን መስመሩ ይቆረጣል፣ ቤቱም ይታሸጋል።» ወደ ጋሼ ዞረ። «ጠቋሚው እርስዎ ነዎት አባባ። ውሃ አጥተው ተጎድተዋል ወይስ አልተጎዱም?»

እንግዲህ አንዲት ቃል ናት። የኮቱን እጅጌ ጎተትኩት። «ጋሼ፣ አልተጎዳሁም በል! በሞቴ! እህቴን አስብ!»

አየኝ። እሷን አያት። ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሞተር አየ። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ ይታየኛል።

«ውሃ አይደርሰኝም» አለ፣ ቀስ ብሎ። «በጋው ከገባ ጠብ ብሎልኝ አያውቅም። እውነቱ ይኸው ነው።»

ስንት ዘመን «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት «አንተ!» አለችው። «ሚስትህን በየትኛው ውሃ ሳጥባት የኖርኩ ይመስልሃል? እጄ ላይ የበቀለ መሰለህ?»

መሃረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። የገዛ ውሃችንን ከሥር ስባ፣ ሁለት ጀሪካን ይዛልን ስትወጣ እግዜር ይስጥልኝ ስንላት ኖረናል። ይኼ ይገባኛል፤ አልተደበቀብኝም። ግን ውሃው የኛም ይሁን የማንም፣ ያንን ደረጃ ተሸክማ የወጣችው እሷ ናት። ቧንቧው አልወጣልንም። በሯ ላይ ማሸጊያውን ሲለጥፉ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ጋሼን ያልኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ አፌ ያመጣውን ሁሉ ነው ያልኩት።

ለእህቴም ራሱ ነው የነገራት። ከአልጋዋ ግርጌ እጆቹን አጣምሮ ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ነገር ሳያስቀር። ይህን ሲነግራት ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ አጉረመረመ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ በኃይል መውረድ ጀመረ። ያን ያህል ውሃ በዚያ ቤት ወርዶ አያውቅም።

«ዝጋው» አለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግሥቱ የጥቆማ መስመሯ ልጅ ራሷ ደወለች። «አባባ፣ ጥቆማዎ ተጣርቶ እርምጃ ተወስዷል። እናመሰግናለን!» «እሺ ልጄ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ደውሎ አያውቅም። አስፋልቱ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ሲፈስ በጎኑ አልፎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፀጉር ሠሪዋ ቅጣቱንና ኪራዩን አልቻለችም። ዕቃዋን ሸጣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ በሰው ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች አለኝ አረፋ። ሳትሰናበት ነው የሄደችው። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን በሻሽ አሰረች። አላስነካም አለች፤ እኔንም፣ ባሏንም። ጋሼን አላኮረፈችውም፤ «ውሃ ስጠኝ፣ መስኮቱን ክፈት» ትለዋለች። ቀልዱ ግን ቀረ። የአውቶቡሱን ታሪክ ለእንግዳ ማውራት ቀረ። እሱም ፎጣውን ይዞ ጥግ መቆም ስለለመደ፣ ጠዋት ጠዋት ባዶ እጁን እዚያ ጥግ ይቆማል። ቤቱ እንዲያ ጭር ሲል ሆድ ይብሰኝና ሰበብ ፈጥሬ ቶሎ እወጣለሁ።

ክረምቱ ሲገባ እህቴ እየመነመነች ሄደች። ሐኪሙ መጥቶ አይቷት፣ ሲወጣ በሩ ላይ ለእኔና ለጋሼ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነግረንን ነገረን። ማክሰኞ ዕለት እህቴ ጋሼን ጠርታ «ራሴን ትጠበኝ» አለችው። «አንዴ ብቻ። ጥራልኝ።»

ኮቱን ለበሰና ወጣ። የሆነውን በኋላ ነው የነገረኝ። ፀጉር ቤቱን አገኘው፤ ደንበኛ ላይ እየሠራች ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ለመናት። ይቅርታ ጠየቃት። እሷም በመስተዋቱ ውስጥ እያየችው፣ ዞር ሳትል «ለጠቋሚ ቤት እግሬን አላነሳም። ውሃው አሁን ይደርስህ የለ? እጠባት!» አለችው። ወጣ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ጉልበቱ አልሄድ አለው። አንድ አውቶቡስ ሲመጣ አየና መንገድ ዳር ቆሞ እጁን አነሳ። ሹፌሩ አየው፣ አለፈው።

«ምን አልክ ታዲያ?» አልኩት።

«ምን እላለሁ? ልክ ነው። ማቆሚያ አልነበረም።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ያን ዕለት ግን ይህንን ሁሉ አላወቅኩም። እህቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር ሲገባ። ከኮቱ ውሃ ይንጠባጠባል። እህቴ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ነው የቆየችው። «ምን አለችህ?»

ኮቱን አውልቆ በሩ ላይ ሰቀለ።

«እሁድ ትመጣለች» አላት።

እኔ ሞኝ «ተመስገን!» ብዬ ዘለልኩ። እህቴም «እሺ» አለች። «እሁድ። ጥሩ ነው።» ሻሼን ትንሽ ላላ አድርጊልኝና ልተኛ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ሐሙስ ዕለት እሱ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ ነው የጠራችኝ። «ነይ እስቲ ወደዚህ፣ ጆሮሽን» አለችኝ። «ዋሽቶኛል እኮ።»

«ማ?»

«ሹፌሩ ነዋ! ልጅቷ አልመጣም ብላዋለች። ታውቂ የለ፣ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም፤ ለዚያ ነው ያወቅኩት። ጆሮው ሳይቀር ቀላ፣ ምስኪን።» ሳቀች። ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ግን ከዚያ በጋ ወዲህ ያንን ሳቅ አላየሁትም ነበር። «ያኔ በዝናብ ትቶኝ ያለፈው ሰውዬ፣ እይው፣ ዛሬ ያለ ማቆሚያ ቆመልኝ።»

እንባዬ መጣ። «እታለም፣ ልንገረው? አውቃለች ልበለው?»

«አፈር ስሆን እንዳትነግሪው! እሁድ ድረስ ይዋሽ።»

አስዋሸችው እንጂ። ንጹሕ አንሶላ አስወጣችኝ፣ ፎጣ አስታጠበችኝ። «ነገ ዓርብ ነው አይደል? ደርሷል እኮ!» ትለዋለች። እሱ «አዎ፣ ደርሷል» ይላል፣ ጆሮው እየቀላ። ዓርብ ዕለት ዳቦ ልገዛ ብሎ ወጥቶ ከከተማው ጫፍ ሲመለስ መሽቶበት ነበር። ዳቦውን ረስቶታል። ሴትየዋ ወጥታ እንኳ አላነጋገረችውም።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ አረፈች። ጎኗን ሊያገላብጣት ቢነካት ቀዝቅዛ አገኛት። ማሽኔን እንደከፈትኩ ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ቀዝቃዛ አትወድም» ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም። ብርድ ልብስ ደራርቦባት ነበር።

እሁድ ጠዋት ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ሰው ስቀበል፣ ከታች የማውቀው ማለክለክ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ቦርሳዋን ይዛለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ማረፏን አረፋ ነው የነገራት። አቅፌ አወጣኋት። ስትገባ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ።

«ራሷን ላጥባት መጥቼ ነው» አለች። «ውሃ አለ?»

ሞልቶ። ከፈተው፤ ሳፋውን ሊደፋው ነው የሚወርደው። ድስት ሞልቶ ምድጃ ላይ ጣደና አጠገቡ ቆመ። ተከትዬው ገባሁ። ልቤ አልቻለም። እንዳትነግሪው ያለችኝ እስከ እሁድ ነው፤ እሁድ ደርሷል።

«ጋሼ» አልኩት። «መዋሸትህን አውቃ ነበር።»

«ምኑን?»

«ማክሰኞ ዕለት፣ ትመጣለች ስትላት። ያኔውኑ አውቃለች። ደስ ብሏት ነበር። ያለ ማቆሚያ ቆመልኝ ነው ያለችው።»

አላየኝም። የምድጃውን ዳር በሁለት እጁ ያዘ፤ እንደ መሪ ነው የጨበጠው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እንዲያ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። ውሃው መፍላት ሲጀምር ፊቱን በመሃረቡ ጠረገና ድስቱን አወረደ።

እህቴን ወደ አልጋው ጫፍ አስጠጋናት። ፀጉር ሠሪዋ ፎጣ ጠቀለለች፣ ሳፋውን ወንበሩ ላይ አደረገች፣ ሻሹን ፈታችው። ፀጉሯ ተቋጥሮ ተያይዞ ነበር። ስታየው ከንፈሯን ነከሰች።

«አንገቷን ይያዙልኝ ጋሼ» አለችው።

በሁለት መዳፉ ደግፎ ያዛት። እሷ በጆግ መቅዳት ጀመረች፣ ቀስ፣ ቀስ።

«እሁድ ትመጣለች ብያት ነበር» አላት፣ ዓይኑን ከእህቴ ፊት ሳያነሳ።

እጇ ቆመ። «እኔ መቼ አልኩ?»

«አላልሽም።»

ጆጉን ሳፋው ውስጥ ለቀቀችውና ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች። ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። እሱ ግን አንገቷን እንደያዘ ነው። በአንድ እጁ ጣት ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ ነካ አደረገ።

«ቀዝቅዟል» አለ። «ያዥልኝ እስቲ፣ ላሙቀው።»